የገደሉ ጠርሙስ

ሚያዝያ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ የንጎንግ ጤና ጣቢያ ነርስ ቴርሞሜትሩን ከሽማግሌው ብብት አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ሁለቴ አነበበችው። ሀያቱ ሰዓቷን እስከ ደቂቃዋ የሚያስታውሳት የነርሷን ፊት ላለማየት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አፍጥጦ ሲያይ ስለነበር ነው።

«አርባ ነጥብ አምስት» አለች ነርሷ። «ወንድሜ፣ ይሄን እኔ እዚህ አላወርደውም። ልባቸውም ደክሟል። ንጋውንዴሬ ይዘሃቸው ውጣ። እዚያ ሐኪም አለ፣ አየሩም ሌላ ነው። መኪናህ ኤሲ አላት?»

«አላት።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው እስክትደርስ እንዳታጠፋው። ሰማኸኝ? ጨርቅ እያራሳችሁ፣ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰባቸው። እኚህን ሰው የሚገድላቸው በሽታው አይደለም፣ ሙቀቱ ነው።»

ሽማግሌው ባባ ዳይሩ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥጥ የጫነ መኪና በዚያ መንገድ ነድተዋል። ያን ቀን ጠዋት ቆርቆሮ ክዳን ሥር ቁጭ ብለው ኦቾሎኒ ሲፈለፍሉ እዚያው ጎናቸው ላይ ተዘረሩ። አሁን የጤና ጣቢያው አልጋ ላይ በጀርባቸው ተኝተው አንድ ዓይናቸውን ገለጡና ልጃቸውን ኩልሱሚን ጠሩ።

«ለሹፌሩ ንገሪው። ይቺ ነርስ መኪና ነድታ አታውቅም።»

ሹፌሩ ሀያቱ ነው። ልጃቸው ነው፣ የመጀመሪያ ልጃቸው። የመጀመሪያ በመሆኑም በአርባ ሦስት ዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። በእነሱ ዘንድ የበኩር ልጅ በስሙ አይጠራም፣ ጭን ላይ አይቀመጥም፣ አይቆላመጥም፤ ነውር ነው። «ሹፌሩ» ይሉታል፣ «ያኛው» ይሉታል፣ «ወንድምሽ» ይሉታል። መኪና መንዳትም ሲማር ሌላ ሹፌር ነው ያስተማረው። ዳይሩ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ቆመው፣ ሰው የሚጠብቁ መስለው፣ በየቀኑ ያዩት ነበር። ሀያቱ ራሱ የመጀመሪያ ሴት ልጁን «አንቺ» እያለ ነው ያሳደጋት። ማንም በዚህ ቅር ተሰኝቶ አያውቅም።

ባባን ከኋላ ወንበር ላይ አስተኟቸው፤ ራሳቸው የኩልሱሚ ጭን ላይ ሆነ። ከእግራቸው ሥር ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ አኖሩ።

ነዳጅ ጠፍቶ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ማደያዎቹ ገመድ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከድንበር ማዶ የሚመጣው የጠርሙስ ቤንዚን፣ ዙዋ-ዙዋ የሚሉትም፣ የለም። የመኪናዋ ጠቋሚ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሀያቱ ከከተማው መውጫ ጠርሙስ ቸርቻሪው ጂብሪላ ዘንድ ቆመ።

«ጂብሪላ፣ ዛሬ ምን አለ?»

«ጠርሙስ አለ፣ ውስጡ የለም። ከፈለግህ በመዓዛው ንዳት።»

«አትቀልድ፣ ባባን ይዤ ነው።»

ጂብሪላ ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ወንበር አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። የራሱን ሞተር ብስክሌት መቀመጫ አንስቶ ከሥሩ ሁለት ጠርሙስ አወጣ፤ እያንዳንዳቸው ሊትር ተኩል ይሆናሉ። ሀያቱ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ በመዳፉ ገፋው።

«ሂድ፣ ሂድ! ብቻ ባዶ ጠርሙስ ይዘህልኝ እንዳትመጣ፣ የባዶ እጥረት የለብኝም።»

ሀያቱ ጠርሙሶቹን ወደ ታንከሩ አልገለበጣቸውም። በጨርቅ ጠቅልሎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አጋደማቸው። ይሄ የዚያ መንገድ ሹፌሮች ሁሉ ሕግ ነው። ከምቤ መንደር በላይ ያለው ገደል ከቆላው ወደ ደጋው የሚያወጣ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ማቆሚያ የለውም። አንድ ጊዜ ሳሊዎ የሚባል የባባ ዳይሩ ባልንጀራ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ነዳጅ አለቀበት፣ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ሁለት ሰው ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ጠርሙስ ሳይዝ የሚወጣ የለም። ያን ጠርሙስ ደግሞ መኪናው ገደሉ ላይ ካልደረቀ በቀር ጫፉ ሳይደርስ የሚከፍት የለም። የገደሉ ጠርሙስ ይሉታል።

ኤሲውን አበራ። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ትንሿ መኪና ትከሻዋ ላይ ጆንያ እንደወረደባት ተሸካሚ ወገቧን ዝቅ አድርጋ ቀና ትላለች። ሀያቱ ስምንት ዓመት ነድቷታል፣ ጠባይዋን ያውቃል። ኤሲ ከሌለ በሊትር አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ካለ አሥራ አራት። ከፊቱ የጭነት መኪና ሲያጋጥመው ለመቅደም አውራ ጣቱ ሳያስበው ኤሲውን ያጠፋል፣ ከቀደመ በኋላ ያበራል። ጣቱ የራሱ አእምሮ ያለው ይመስላል። ያን ቀን ግን ጣቱን መሪው ላይ ጨምድዶ ያዘ፣ ከጭነት መኪናዎቹ ኋላ አቧራ እየዋጠ ተከተለ።

«ኩልሱሚ» አሉ ባባ።

«አቤት ባባ።»

«ሹፌሩ ለምን አይቀድምም?»

«ሀማ፣ ለምን አትቀድምም ይሉሃል» አለች፤ ታላቅ ወንድሟን በስሙ አትጠራውም፣ ሀማ ነው የምትለው።

«ኤሲው በርቶ ጉልበት የላትም በያቸው።»

«ጉልበት የላትም ይላል ባባ።»

«ታዲያ ያጥፋዋ። አህያ ላይ ጭነህ ዝለይ አትላትም።»

ኩልሱሚ ሳቀች። ሀያቱም ከፊት ሆኖ ፈገግ አለ። የሦስቱ ጭንቅላት መካከል አንድ ክንድ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ቃል ግን በኩልሱሚ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። ዕድሜ ልካቸውን የተነጋገሩት እንዲህ ነው።

ዘጠና ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ያን ጊዜ ነው ጠቋሚው መውረድ የጀመረው። ግማሽ ላይ ብዙ ጊዜ ይቆይና ከዚያ በኋላ ደረጃ እንደሳተ ሰው ነው የሚወርደው። ሀያቱ ይሄንንም ያውቃል፣ ግን ማወቅና በዓይን ማየት ለየቅል ናቸው። በሆዱ ማስላት ጀመረ። የቀረው መንገድ በአሥራ አራት ሲካፈል፣ ገደሉ የሚጠጣው ሲጨመር፣ የተቦረቦረው አስፋልት ሲታሰብ። ከጫፉ በታች የሆነ ቦታ ላይ ይደርቃል። እንደገና አሰላ። ያው ነው።

«ኩልሱሚ።»

«አቤት ባባ።»

«ሹፌሩ ጠቋሚውን አይቶታል?»

ተኝተው እንዴት እንዳዩት እግዜር ይወቅ። ምናልባት አላዩም፤ የልጃቸውን ማጅራት ነው ያዩት።

«አይቻለሁ በያቸው።»

«ሜዳው ላይ ያጥፋው። ሜዳ ላይ የቆጠበ ገደሉን ይወጣል። ኤሲ ለሰነፍ የተሠራ ነው፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት መስኮት ከፍቼ ነድቻለሁ።»

«ነርሷ እንዳታጠፋው ብላለች!» አለች ኩልሱሚ። «ባባ፣ ሰምተዋታል እኮ!»

«ነርሷ ሳሊዎን ታውቀዋለች?»

ሀያቱ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። የአባቱ ግንባር በላብ ያብረቀርቃል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው።

«ኩልሱሚ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ። እውነቱን ይንገሩኝ በያቸው።»

«ባባ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው? እውነቱን።»

«ጃም።»

ሰላም ነው ማለት ነው። እግሩ የተሰበረም ጃም ይላል፣ ልጁን የቀበረም ጃም ይላል። ሕመሙን ለልጁ፣ ይልቁንም ለበኩር ልጁ የሚናገር ወንድ የለም። ሀያቱ ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ግን ጃም የምትለውን ቃል በዚያች ሰዓት ፈልጓት ነበር። ሲያገኛት ያዛት፣ አውራ ጣቱም ወደ ቁልፉ ሄደ።

መኪናዋ ቀና አለች። መስኮቶቹን ከፈቷቸው፣ ከእቶን አፍ የወጣ የሚመስል ወላፈን ገባ። የኩልሱሚ ሻሽ ተንጠልጥሎ መስኮቱን ይገርፍ ጀመር። ጨርቁን ጀሪካኑ ውስጥ ነክራ ደረታቸው ላይ ታደርገዋለች፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቆዳ ሆኖ ይደርቃል።

ሰማንያ ኪሎ ሜትር እንዲህ ሄዱ። ሁለት ጊዜ ሀያቱ በኩልሱሚ በኩል ጠየቀ፣ ሁለት ጊዜ ጃም የሚል መልስ መጣ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ዘግይቶ ነበር የመጣው። ጠቋሚው ብዙም አልወረደም፤ ሀያቱ ባየው ቁጥር ኤሲውን ማጥፋቱ ትክክል መሰለው። አንድ ጊዜ እንዲያውም የገደሉን ጠርሙስ አስቦ «ቆሜ ልገልብጠው?» አለ በልቡ። ከዚያ ሳሊዎ ትዝ አለው። ገደል ሳይወጣ የከፈተ የለም። ነዳ።

ምቤ ለመድረስ አሥር ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው ኩልሱሚ፣

«ሀማ» አለች፤ «ላባቸው ደረቀ። ገላቸው ሁሉ ደርቋል።»

«ጎሽ!» አለ ሀያቱ። «እየተሻላቸው ነው።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኛል» አለች፣ እጇን ግንባራቸው ላይ እንዳደረገች።

ያቺን «ጎሽ» ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት ከራሱ አፍ ሰምቷት እንደነቃ እሱ ያውቃል።

ምቤ፣ ከገደሉ ግርጌ፣ እንደ ወትሮው መኪናዎች ቆመዋል። ሹፌሮች ኮፈን ከፍተው ራዲያተር ያቀዘቅዛሉ፤ ቦዬ የሚሸጡ ሴቶች በየመስኮቱ ይዞራሉ። ሀያቱ ሞተሩን አጥፍቶ ውሃውን ሊያይ በሩን ሲከፍት ነው የሰማው።

«ሀያቱ።»

የሴት ድምፅ አልነበረም። ከአስፋልቱም አልመጣም።

«ሀያቱ፣ ወዴት ትሄዳለህ? ና እንጂ።»

እግሩ አንዱ መሬት፣ አንዱ መኪና ውስጥ እንደሆነ ቆመ። ኩልሱሚ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወንድምና እህት ተያዩ። ቦዬ ሻጯ «ስድስቱን ልስጥህ?» ስትለው አልሰማትም። አባቱ በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርተውታል፣ እሱም በዚያ ቅጽበት ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቱ እዚያ የሉም። ጤነኛ አእምሮ ያለው ዳይሩ ምላሱ ቢቆረጥ እንኳ ያን ስም አይጠራም።

«ኤሲውን አብራው!» ጮኸች ኩልሱሚ። «ሀማ፣ አብራው! እየነደዱ ነው፣ እንደ ብረት ድስት እየነደዱ ነው!»

ራዲያተሩን ሳያይ ተነሣ። መስኮቶቹን ዘጋ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈተ፣ ቆመው ከሚጠብቁት መኪናዎች ሁሉ ቀድሞ ወደ ገደሉ መንገድ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

የመጀመሪያውን ኩርባ በሁለተኛ ማርሽ ወጣው። ሁለተኛው ላይ ጥጥ የጫነ መኪና ከፊቱ ሲያቃስት አገኘ፤ ወደ አንደኛ ወረደ። ሞተሩ መጮህ ጀመረ፣ ጎማው ግን አይቸኩልም። የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ እየተጠጋ ነው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ እዚያው ሳሊዎ የወረደበት ቦታ፣ ትንሿ መኪና ሞተሯ ፈልቶ ሁለቴ ተንቀጥቅጣ ጠፋች። ሀያቱ ፍሬኑንም የእጅ ፍሬኑንም አንድ ላይ ያዘ።

ከኋላ የነበረው የጭነት መኪና እየጮኸ ቆመ። ሹፌሩ ሆዱን አስቀድሞ ወረደ፣ አንድ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ከሀያቱ የኋላ ጎማ ሥር ጣለና መስኮቱን ደበደበ።

«አንተ! ኤሲ አብርተህ ነው ገደል የምትወጣው? ሠርግ ነው የምትሄደው? ሰው ልትጨርስ ነው?»

መስኮቱ ሲወርድ ወደ ውስጥ አየ። ድምፁ ወረደ።

«አልሀጂ ዳይሩ አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ላ ኢላሃ። ስማኝ ወንድሜ፣ አጥፋውና ውጣ። ሞተሩም ፈልቷል፣ ማሞቂያውን ክፈትለት፣ ይተንፍስ። ከላይ ብርድ አለ፣ አሥር ደቂቃ ናት።»

«አሥር ደቂቃ የላቸውም።»

«እዚህ ከቆምክ ደግሞ ምንም የላቸውም።»

ሀያቱ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ሰውየው ያለው እውነት ነው። ሞተር ሲፈላ ማሞቂያውን ከፍተህ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ተሳፋሪው ይቃጠላል፣ ሞተሩ ይድናል። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ያደርገዋል፤ እሱም መቶ ጊዜ አድርጎታል፣ ተሳፋሪዎቹ ሲያማርሩ ሥቆባቸዋል።

«ኩልሱሚ» አለ።

«አድርገው» አለች እያለቀሰች። «አድርገውና ውጣ።»

ኤሲውን አጠፋ። ማሞቂያውን ከፈተ። የመኪናዋ አፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ እሳት ተነፈሰ። ኩልሱሚ የቀረውን የጀሪካን ውሃ በሙሉ አባቷ ላይ ገለበጠችው። ወፍራሙ ሹፌር ከኋላ በትከሻው ገፋ፤ ሞተሩ ተነሣ፣ መኪናዋ ድንጋዩን ትታ ወጣች።

«ሀያቱ» ይላሉ ባባ ከኋላ፤ «እግርህን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሳ። እንዲህ ነው ያሳየሁህ?»

አሳይተውት አያውቁም። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ነበር።

«እሺ ባባ» አለ። በኩልሱሚ በኩል አላለፈም። «አነሣሁ።»

«ሀያቱ፣ ና ጭኔ ላይ ተቀመጥ። መሪውን ያዝ። አትፍራ፣ እኔ ይዤዋለሁ።»

«መጣሁ ባባ።»

«ከባድ ሆነሃል። ምን ታበላሃለች እናትህ?»

ኩልሱሚ በዚያ ሁሉ መሀል አንድ ጊዜ ሣቀች፣ ወዲያው ሣቋ ወደ ሌላ ድምፅ ተለወጠ። ሀያቱ ከፊቱ መንገዱን አያይም፤ ላቡና እንባው አንድ ላይ ዓይኑ ውስጥ ገብተዋል። ኩርባዎቹን በትዝታ ነው የሚያዞራቸው። በየኩርባው ስሙ ተጠራ። አርባ ሦስት ዓመት የተጠራቀመው ስም በአሥራ አራት ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ደስ ይበለው ወይስ ይጩህ አላወቀም። ስሙ ይቁም ብሎ ጸለየ፣ «ሹፌሩ» ብለው እንዲሰድቡት ጸለየ። ከዚያ ደግሞ እንዳይቆም ፈራ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ተለወጠ። ማሞቂያውን ዘጋ፣ ኤሲውን ከፈተ፣ ቀዝቃዛው አየር ወደ ኋላ ሄደ።

«በረደኝ፣ ሀያቱ» አሉ ባባ።

ኩልሱሚ ሻሿን አውልቃ አለበሰቻቸው። ባባ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ንጋውንዴሬ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ገቡ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ እየጻፈ ነበር የሚጠይቀው።

«መናገር ያቆሙት መቼ ነው?»

«ገደሉ ጫፍ ላይ።»

«ከዚያ በፊት ያልባቸው ነበር?»

«ደርቀው ነበር» አለች ኩልሱሚ። «የተሻላቸው መስሎን ነበር።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አቆመ። ቀና ብሎ ሁለቱንም አየና «ላብ ሲደርቅ ነው የሚያስፈራው» አለ። ባባ ዳይሩ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

እዚያው ታጥበው፣ ተከፍነው፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሀያቱ የፊት ወንበሩን አጋድሞ አባቱን ከጎኑ አስተኛቸው። ንጋውንዴሬ ቤንዚን ነበር። ታንከሩ ሠላሳ ስድስት ሊትር ይይዛል፤ ቀጂው ሲሞላ ቆጣሪው ሠላሳ ሦስት ተኩል ላይ ቆመ። ሀያቱ ቆጣሪውን እያየ ቆመ። ሁለት ሊትር ተኩል ተርፎ ነበር። ከዚያ ያችን የሜዳ መንገድ ሰማንያውን ኪሎ ሜትር በአሥራ ሰባት አካፈለ፣ በአሥራ አራት አካፈለ። ልዩነቱ አንድ ሊትር ነው። የአንድ ጠርሙስ ሁለት ሦስተኛ። እንደገና አሰላ። ያው ነው።

«ወንድሜ፣ ተራ የሚጠብቅ አለ» አለው ቀጂው።

ገደሉን ኤሲው በርቶ ወረዱት። ሜዳውንም፣ እስከ ንጎንግ፣ መስኮት ሳይከፍት፣ ኤሲው እንደበራ ሄደ። ኩልሱሚ ከኋላ ብርድ እያንቀጠቀጣት ተቀምጣለች፤ አጥፋው አላለችውም። ባባ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበሩ።

ሰኞ ዕለት ኩልሱሚ ከኋላ ዕቃ መጫኛው በጨርቅ የተጠቀለሉትን ሁለት ጠርሙሶች አውጥታ ለጂብሪላ ወሰደችለት። ጂብሪላ ሙሉ መሆናቸውን አየ፣ ተቀበላት፣ መደርደሪያው ላይ ከባዶዎቹ አጠገብ አቆማቸው። ከቀትር በፊት ተሸጡ።